ለዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት፦ ፖሊስ መጥራት ስለምትፈራዋ ሴት

ለተከበራችሁ የምክር ቤቱ ሰብሳቢና አባላት፣

በዚህ ከተማ ሌሊት ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። በአማርኛ መጻፌ አይግረማችሁ። በ2004 ባወጣችሁት የቋንቋ ሕግ ምክንያት ቢሮዎቻችሁ እኛን በቋንቋችን ያስተናግዱናል። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ራሴ ጉዳይ ሳይሆን፣ መንገድ ላይ ወሲብ በመሸጥ ስለምትተዳደር አንዲት ሴት ነው።

ኢስተርን አቬኑ ላይ ነው። የመንገዱ አንድ ዳር ዲሲ፣ ማዶው ሜሪላንድ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት አስቆመችኝና ከኋላ ገባች። አንዱን ጫማዋን በእጇ ይዛለች፤ ተረከዙ ተነቅሏል። ከንፈሯ ይደማል። ሶፍት አቀበልኳት። «ፖሊስ ልጥራልሽ?» አልኳት። «እባክህ፣ ፖሊስ አይሆንም። ብርሃን ያለበት ቦታ አድርሰኝ» አለችኝ። ነዳጅ ማደያ ጋ አወረድኳት። ሂሳቡን ልተወው ስል እምቢ ብላ የተጨማደዱ ዶላሮች ቆጥራ ሰጠችኝ።

ትራንስ ሴት ናት፤ ስትወለድ ወንድ የተባለች፣ ሴት ሆና የምትኖር። በእኛ ሰው መሃል ይህን ማውራት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ድሮ አይቼ እንዳላየሁ ነበር የማልፈው። አማርኛ ደግሞ «እርስዎ» ካላሉ በቀር አንተ ወይም አንቺ ሳይሉ አያናግርም። ሴት ነኝ ካለች አንቺ ነው የምላት፤ አለቀ።

ለምን ፖሊስ ፈራች? በዲሲ ወሲብ መሸጥ ወንጀል ነው። የደበደባትን ሰው ለመክሰስ መጀመሪያ እዚያ ምን ትሠራ እንደነበር መናገር አለባት። ሰውየውም ይህን ያውቃል። ቀምቷት ቢሄድ እንደማትደውል ያውቃል። እሷ ፖሊስ እንዳያያት ጨለማ ቦታ ትቆማለች። ደንበኛውም እንዳይታይ ይቸኩላል። ስለዚህ ፊቱን አይታ፣ ታርጋውን አንብባ፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ ብላ የምታስብበት ጊዜ የላትም። ኮንዶም መያዝ እንኳ ያስፈራ ነበር፤ ማስረጃ ይሆንብናል ብለው። በ2012 ሂዩማን ራይትስ ዎች ይህን አጥንቶ ካወጣ በኋላ፣ ፖሊስ የፈለጉትን ያህል ኮንዶም መያዝ እንደሚቻል የሚገልጽ ካርድ አሳተመ። መልካም ነው። ግን ፍርሃት በካርድ ብቻ አይለቅም።

በ2019 ማርችና ጁን ላይ ሁለት ትራንስ ሴቶች ከኢስተርን አቬኑ አጠገብ፣ በሜሪላንድ በኩል፣ በጥይት ተገድለዋል። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ! በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

አምቡላንስም ቢሆን አያምኑም። በ1995 በዚህችው ከተማ በመኪና አደጋ የተጎዳች ትራንስ ሴት ነበረች። ሊረዳት የመጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ማንነቷን ሲያይ እርዳታውን አቁሞ ተሳለቀባት። ሞተች። በ1998 ፍርድ ቤት ለእናቷ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። ይህን ታሪክ ዛሬም የሚያወሩት አሉ።

«ሌላ ሥራ አትሠራም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። የከተማው የሰብዓዊ መብት ቢሮ በ2015 የሙከራ ማመልከቻዎች ልኮ ነበር። 48 በመቶ የሚሆኑት ቀጣሪዎች የተሻለ ብቃት ያላትን ትራንስ አመልካች ትተው ከእሷ ያነሰ ብቃት ያለውን፣ ትራንስ ያልሆነውን አመልካች የመረጡ መስለዋል። አንዴ ከታሰረች ደግሞ መዝገቡ ቤት ስትከራይም፣ ሥራ ስትፈልግም ይከተላታል። ከመንገድ የሚያወጣት በር በዚያው ይዘጋል።

ምክር ቤታችሁ ይህን ሳይሰማ አልቀረም። በኦክቶበር 2019 አዋቂዎች ተስማምተው የሚያደርጉትን የወሲብ ንግድ ከወንጀልነት በሚያወጣው ረቂቅ ላይ 14 ሰዓት ገደማ ምስክር አዳምጣችኋል። ከዚያ ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። የተቃወሙትን አልንቅም። በሴት ልጅ ላይ የሚነግድ ደላላ እንዳይጠቀምበት የፈሩ አሉ፤ ፍርሃታቸው ከልብ ነው። ግን ረቂቁ ማስገደድንም፣ ሕፃናትን መነገጃ ማድረግንም አልፈቀደም። ደላላ የሚፈራው ሴቲቱ ፖሊስ ስትጠራ ነው። ዛሬ መጥራት የማትችለው እሷ ናት።

ረቂቁን እንደገና አቅርቡትና ድምፅ ስጡበት። እስከዚያው ተደበደብኩ ብላ የደወለች ሴት በዚያው ጥሪ እንደማትታሰር በማያሻማ ቃል አሳውቁ። በአማርኛም ጻፉት። በዚያ ሰዓት መኪናው ውስጥ ከእሷ ጋር ያለው ብዙ ጊዜ ከእኛ አንዱ ነው፤ ወረቀቱን ከኋላ መቀመጫው ላይ እለጥፈዋለሁ።

ለምስክርነት ከጠራችሁኝ እመጣለሁ። ሌሊት ስለምሠራ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመቸኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሌሊት ታክሲ ነጂ፣ ዋሽንግተን ዲሲ