ስለ ሲኮች አምላክ ለጠየቁኝ ለአባቴ
ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣ ለመሪጌታ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ «እነዚያ ባለ ጥምጥሞች ምንድን ነው የሚያመልኩት? ጣዖት ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ሳንጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። የምኖርበት ሳውዝሆል፣ ፑንጃብ ከሚባለው የሰሜን ሕንድ አገር የመጡ፣ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ሲኮች የሞሉበት የለንደን ሰፈር ነው። አብራኝ የምትሠራ ሴት ጉርድዋራ ወደሚሉት ጸሎት ቤታቸው እየወሰደች ብዙ ነገር አስረድታኛለችና የገባኝን ልጻፍልዎ።

ጣዖት የላቸውም፣ አባቴ። በአዳራሹ ፊት ለፊት፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ጥላ ተዘርግቶለት የሚቀመጠው መጽሐፍ ነው፤ ጉሩ ግራንት ሳሂብ ይሉታል። አሥረኛው መምህራቸው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በፈረንጆቹ 1708 ሲያርፍ፣ ከእንግዲህ መምህራችሁ ይህ መጽሐፍ ነው ብሎ ተዋቸው። እርስዎን የሚያስደስትዎት ግን አደራደሩ ነው። 1430 ገጽ ያለው መጽሐፍ አብዛኛው የተደራጀው በዜማ ስልት ነው። እኛ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ እንደምንለው እነርሱ 31 ዋና ዋና ስልቶች አሏቸው። የሙስሊሙ የሼክ ፋሪድና የሸማኔው የካቢር መዝሙርም አብሮ ይገኝበታል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ጉሩ ናናክ ነው፤ የተወለደው በ1469 ነው። ሱልታንፑር በምትባል ከተማ የአገረ ገዢው ጎተራ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ፣ ንጋት ላይ ቤይን በሚሉት ወንዝ ሊታጠብ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። ሰዉ ሰጥሟል ብሎ ወንዙን አሰሰ። በሦስተኛው ቀን ወጣ። በትውፊታቸው እንደሚሉት በአምላክ ፊት ቀርቦ ጽዋ ተሰጥቶታል፤ ስሜን ጥራ፣ ሌላውንም አስጠራ ተብሏል። ከተመለሰ በኋላ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ መጀመሪያ የተናገረው ሂንዱ የለም፣ ሙስሊም የለም የሚል ነበር። ከዚያ ማርዳና የሚባል ሙስሊም ራባብ ደርዳሪ ይዞ እየዘመረ አገር ለአገር ዞረ።

ይህን ስሰማ ያሰብኩት ቅዱስ ያሬድን ነው። ሁለቱን አንድ ማድረጌ አይደለም። ነገር ግን እርስዎ ያሬድ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆ ከካህናተ ሰማይ ዜማ ተማረ ብለው ሲያስተምሩን፣ ያየውን በሐተታ ከመግለጽ ይልቅ አክሱም ላይ ቆሞ መዘመሩ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ናናክም በዜማ ነው የመለሰው። ጠዋት ጠዋት የሚደግሙት ጸሎቱ ላይ፣ ባውቀውም አልናገረውም፣ ቃል አይችለውም ይላል።

አምላካቸው በመጽሐፉ ራስ ላይ እንዲህ ተመስክሮለታል፦ አንድ ነው፤ ስሙ እውነት ነው፤ ፈጣሪ ነው፤ አይፈራም፤ አይጠላም፤ ጊዜ አይገዛውም፤ አይወለድም፤ በራሱ ያለ ነው፤ በመምህሩ ጸጋ ይታወቃል። መልክ የሌለው፣ የማይመረመረው ራሱ በፍጥረቱ ሁሉ ውስጥ ይገኛል፤ ሁለት አምላክ አይደለም ይላሉ። ሰውን ከእርሱ የሚጋርደው «እኔ እኔ» ማለት ነው። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ዋሄጉሩ እያሉ ስሙን ይደጋግማሉ፤ እርስዎ በመቁጠሪያ እግዚኦ እንደሚሉት። ነፍስ የምታልፍባቸው አምስት ማዕርጋት አሏቸው፦ ምግባር፣ እውቀት፣ ተጋድሎ፣ ጸጋ፣ በመጨረሻም እውነት። ከተጋድሎ በኋላ ጸጋ መምጣቱን ልብ ይበሉልኝ፤ በጥረት ብቻ የሚደርስ የለም። የመጨረሻውን ማዕርግ መናገር ግን እንደ ብረት ይከብዳል ይላል ናናክ።

ሴትዮዋን አንቺስ ደርሶብሽ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ብዙ ቆይታ «ንጋት ላይ መዝሙሩ እየተዘመረ፣ አንዳንዴ እኔ የለሁም» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አመንኳት።

ደግሞ እንዲህ ያለ ተመስጦ ያየ ሰው በረሃ ይገባል ብለው ይጠብቁ ይሆናል። ናናክ ግን በስተርጅናው ካርታርፑር ላይ ከቤተሰቡ ጋር ኖሮ፣ እርሻ አርሶ፣ በ1539 ዐረፈ። ዛሬም በየጉርድዋራው ላንጋር የሚሉት ነጻ ማዕድ አለ። ሀብታምም ድኻም መሬት ላይ እኩል ተቀምጦ ይበላል፤ ማንነትህ አይጠየቅም። ሥጋ አይቀርብም፤ ወተትና ቅቤ ግን ይገባበታልና በጾም አልበላም፣ አይስጉ።

የምንለያየው «አይወለድም» ላይ ነው። እርሱ ላይ ልቤ ይቆማል፤ እኔ ከድንግል የተወለደውን አምላክ ነው የማመልከው። ሴትዮዋም «ወሰን የሌለው እንዴት ማኅፀን ይይዘዋል?» አለችኝ። ሰማይና ምድር የማይወስኑትን ድንግል በማኅፀኗ ወሰነችው፣ ከሰማይም አልጎደለም ብዬ ከልጅነቴ የያዝኩትን ነገርኳት። «በሁሉም ውስጥ ካለ በእርሷም መኖሩ ምን የተለየ ነው?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። በፍጥረት ሁሉ መገኘትና ሥጋን መዋሐድ የተለያዩ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ለእርሷ በሚገባት አማርጬ መናገር ነው ያቃተኝ።

እባክዎን የመጻሕፍቱን መምህር ይጠይቁልኝ፤ አንድምታውን በደንብ አብራርተው፣ ግዕዙንም ጽፈው ይላኩልኝ። ተርጉሜ አነብላታለሁ፤ እርሷም የራሷን መምህራን ጠይቃ ልትመልስልኝ ቃል ገብታለች።

ልጅዎ፣ ከለንደን