ለይተን ያመጣነውን መልሳችሁ አትቀላቅሉብን

ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደሴ

በሰፈራችን የፕላስቲክና የካርቶን ማሰባሰቢያ ጣቢያ ለከፈተው ድርጅት
ለደሴ ቅርንጫፍ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ለይተን ያስረከብነው ዕቃ ዓይናችን እያየ ስለመቀላቀሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከሆጤ ሰፈር ነው። ጣቢያችሁን ከከፈታችሁበት ከጥር ወር ጀምሮ ደንበኛችሁ ነኝ። ቅሬታው የእኔ ብቻ አይደለም፤ አብረውኝ ቡና የሚጠጡ ስድስት ጎረቤቶቼም "እኛንም ጨምረሽ ጻፊ" ብለውኛል።

በጥር የእናንተ ልጆች ቤት ለቤት ዞረው አስተማሩን። ሃይላንዱ ለብቻ፣ ካርቶኑ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ፣ ቆርቆሮው ለብቻ። ታጥቦ፣ ደርቆ ይምጣ አሉን። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። በረንዳዬ ላይ አራት ማዳበሪያ ደርድሬ ጀመርኩ።

ታጥቦ ይምጣ ማለት በእኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። አንዳንዴ ሳምንት ይቆያል። ስለዚህ ልብስ አለቅልቀን የተረፈውን ውሃ አንደፋውም። በእሱ የዘይቱን ጄሪካን፣ የእርጎውን ዕቃ፣ የለስላሳውን ጠርሙስ እናጥባለን። ከዚያ ነው መሬት የሚፈስሰው። የዘይት ጄሪካን ደግሞ በአንድ ጊዜ አይለቅም። ትንሽ ኦሞ ጨምሬ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ ደጋግሜ መናጥ አለብኝ። ይህን ሁሉ ስናደርግ ቅር ብሎን አያውቅም። ዕቃው የሆነ ቦታ ደርሶ ሌላ ነገር እንደሚሆን ነግራችሁን ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ።

ነሐሴ 10 ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ጉሙ ገና ከጦሳ ተራራ ላይ አልተነሳም። እኔና ልጄ ሦስት ማዳበሪያ ሃይላንድ፣ አንድ ማዳበሪያ የበረኪናና የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ፣ በሲባጎ የታሰረ ካርቶን ይዘን በባጃጅ መጣን። ሠራተኛችሁ መዘነው፤ መዝገቡ ላይ ጻፈው። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ ማዳበሪያዎቹን ተራ በተራ አንስቶ፣ አፋቸውን ፈትቶ፣ አጥሩ ጥግ ያለው ክምር ላይ ዘረገፋቸው። ክምሩ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ ነበር። የሕፃን ዳይፐር ነበር። የተሰባበረ ጠርሙስ ነበር። ካርቶኔ ከላይ ወድቆ ካፊያው ሲያርሰው ቆሜ አየሁ።

ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። የእያንዳንዱን ሃይላንድ ወረቀት በጥፍሯ የላጠችው እሷ ናት። "እማ፣ ለምን ቀላቀለው?" አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ሠራተኛውን ጠየቅሁት። ትሁት ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ ተሯሩጦ ነው ሸክም የሚቀበለን። "አብሽሩ እናቴ፣ የሚመጣው መኪና አንድ ነው። ለይተን ብናስቀምጠውም አይሱዙው ላይ አንድ ላይ ነው የሚጫነው" አለኝ። እባካችሁ እሱን እንዳትቆጡት። እውነቱን ነው የነገረኝ። የተናደድኩት ይህን ከወራት በፊት ማወቅ ሲገባን፣ በአጋጣሚ በማወቃችን ነው።

መቀላቀል ምን እንደሚያበላሽ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ግን እኛም ያስተማራችሁንን ይዘናል። አንድ ቀን ልጄ ከሃይላንድ ላይ ቁራጭ ቆርጣ ክዳኑን ጨምራ ሳፋ ውስጥ ከተተቻቸው። ቁራጩ ሰመጠ፣ ክዳኑ ተንሳፈፈ። አንድ ጠርሙስ ላይ ያሉት ሁለቱ እንኳ የተለያየ ፕላስቲክ ናቸው ማለት ነው። ከሥር ሲታይም የውሃው ሃይላንድ 1 ቁጥር አለው፣ የበረኪናው 2። አብረው ቢቀልጡ አይረቡም። ዘይት የጠጣ ወይም የበሰበሰ ካርቶንም ተመልሶ ካርቶን አይሆንም። ይህን አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ከገባት፣ ጣቢያው ውስጥ አራት ክፍል በቆርቆሮ መከለል እንዴት ይከብዳል?

ሌላም አለ። ድሮ ሃይላንዱንና ብረታ ብረቱን የሚወስደው ቆራሌው ነበር። እጅ በእጅ ይከፍለናል፣ ደጃችን ድረስ ይመጣል። እሱን የተውነው እናንተ ቆራሌው የማይነካውንም እንቀበላለን ስላላችሁ ነው፤ የተሰነጠቀ ጠርሙስ፣ የእርጎ ዕቃ፣ ቤት ውስጥ የተጠራቀመ ፌስታል። ቆራሌው ቢያንስ የወሰደውን ለይቶ እንደሚሸጠው እናውቃለን። የእናንተ የት እንደሚደርስ ግን አናውቅም። ምናልባት ከከተማ ወጥቶ የሚደፋበት ቦታ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ይደፋ ይሆናል። ይህ ጥርጣሬ ሰፈሩ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ጎረቤቶቼ መለየት አቁመዋል። "ለማን ብዬ ውሃዬን ልጨርስ?" አለችኝ አንዷ። አልፈረድኩባትም።

በክረምት ከተማችንን አይታችኋል። ዝናቡ ሲወርድ ቦዩን የሚዘጋው ሃይላንድና ፌስታል ነው። ቦዩ ሲሞላ ጎርፉ አስፋልቱን ይዞ ይወርዳል። ያመለጠው ቦርከና ወንዝ ይገባል፤ ቦርከና ደግሞ ይዞት ኮምቦልቻ ይወርዳል። የእኛ ጥፋት ለታች ወንድሞቻችን የሚደርስ ነው። ለዚህ ነው ጣቢያው ሲከፈት ደስ ያለኝ፤ ለዚህም ነው አሁን ዝም ማለት ያቃተኝ።

ሕጉም ቢሆን አዲስ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ ቤት ተመልሶ የሚጠቅመውን ከሚጣለው ለይቶ ወደ ተመደበለት ቦታ እንዲያደርስ ያዝዝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታሉን ራሱን ከለከለ። እኛ የቤታችንን ድርሻ ተወጥተናል። ከበሩ ወዲያ ያለው የእናንተ ነው።

የጣቢያው የመክፈቻ ቀንም ይታይልን። ረቡዕና ቅዳሜ ተብሎ ተለጥፏል። በሐምሌ ሁለት ረቡዕ መጥቼ ተቆልፎ አግኝቼዋለሁ። ዕቃውን በር ላይ ጥሎ መሄድ ስለማይሆን መልሼ በባጃጅ ወሰድኩት። ደርሶ መልስ ከኪሴ ነው። ካልከፈታችሁ ዋዜማውን አጭር መልእክት ላኩልን፤ ስልካችን መዝገባችሁ ላይ አለ።

የምንጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። የምታስረክቡት ፋብሪካ ወይም ነጋዴ የትኛውን ዓይነት እንደሚገዛችሁ ንገሩንና በር ላይ በትልቁ ጻፉት። የማይገዛችሁ ነገር ካለ "ይህን አታምጡ" በሉን፤ አንቀየምም። የምትቀበሉትን ግን እንደመጣ በየማዳበሪያው አቆዩልን። መኪናው አንድ ቢሆንም ማዳበሪያው ታስሮ መጫን ይችላል። ማዳበሪያ ካነሰባችሁ እኛ እናዋጣለን። ካርቶኑ ላይ ደግሞ ሸራ እንኳ ቢሆን ይዘርጋበት። ጳጉሜን ላይ ዝናቡ አያልቅም።

ከቅዳሜ ወዲህ በረንዳዬ ላይ አንድ ማዳበሪያ ሃይላንድ ሞልቷል። ልጄ አሁንም ወረቀቱን እየላጠች ነው፤ አላቆመችም። በመጪው ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። ያን ቀን ከኃላፊዎቹ አንዳችሁ ጣቢያው ላይ ብትገኙልኝና ክምሩን አብረን ብናየው ደስ ይለኛል። መምጣት ካልቻላችሁ መልሳችሁን በጽሑፍ ለጣቢያው ሠራተኛ ስጡልኝ፤ ለጎረቤቶቼ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ከሆጤ፣ የጣቢያችሁ ደንበኛ