ለጋሼ፦ ስለዚያች የጠመንጃ ፎቶ

ይድረስ ለውድ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ይህን ወረቀት የያዘው ለበዓል አገር የሚገባ ወዳጄ ነው። እስከ ደብረ ታቦር ያደርሰዋል፣ ከዚያ ወደ ጋይንት የሚመጣ ሰው አይጠፋም። የምታነብልዎት ያቺ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ። አንቺ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። ቁጥር ሲመጣ እንዳትዘይው፣ ጋሼ ቁጥር ይወዳሉ።

በቴሌግራም የላክሁት ፎቶ ቤቱን እንዳመሰው ሰማሁ። እማዬ "ልጄ አሜሪካ ገብቶ ሸፈተ" ብላ እህል አልቀምስም ማለቷን ነገሩኝ። እርስዎ ግን ፎቶውን አስጠግተው አይተው "ቃታው ዙሪያ ያለው ትልቅ ቀለበት ምንድን ነው?" ብለው ብቻ ጠየቁ አሉ። ሳቄ መጣ። በስልክ ላስረዳዎት ሞክሬ ነበር፤ ኔትወርኩ "ቀለበቱ" ላይ ስደርስ ተቆረጠ። በእናንተ በኩል የተኩስ ድምፅ ባንገሸገሸበት ዘመን ስለ ጠመንጃ መጻፉም ከብዶኝ ነበር። ቢሆንም ጠይቀዋል፣ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ለእማዬ። አልሸፈትሁም። መሬት በሚለኩ ሰዎች ዘንድ ነው የምሠራው። ክረምቱን አንኮሬጅ ከተማ ውስጥ እንከርምና በረዶው ሲለቅ ኬናይ ወደሚባለው አገር እንወርዳለን። እዚያ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ አለ፤ መለኪያውን ተሸክመን በዚያ ውስጥ እየሰነጠቅን እንሄዳለን። ዓሣው ከባሕር ወደ ወንዙ ሲወጣ ድቡ ደግሞ ለዓሣው ይወርዳል። ድብ እርስዎ አላዩም፣ እኛ አገር የለም። ጅብም ነብርም ብለው አያስቡት። የዚህ የባሕር ዳር ወንዱ እስከ 600 ኪሎ ይደርሳል፣ የሁለት በሬ ያህል ማለት ነው፤ ሲሮጥ ደግሞ ፈረስ ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ ሃያ እርምጃ ላይ ካየኸው "በስመ አብ" ብለህ ሳትጨርስ አጠገብህ ነው። ስለዚህ ከቡድናችን አንዱ ጠመንጃ ይይዛል። አምና የሚይዘው ሰውዬ ሥራ ለቀቀና አለቃችን "ማን መተኮስ ይችላል?" ሲል፣ እኔ የጋይንት ልጅ ዝም ልበል? እጄን አወጣሁ።

መግዛቱ ራሱ ጉድ ነው፣ ጋሼ። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ወረቀት ሞላሁ፣ ሻጩ ስሜን በኮምፒውተር ልኮ አጣራ፣ ቡና ጠጥቼ ሳልጨርስ "ጨርሰናል" አለኝ። የከበደኝ መምረጡ ነው። ሱቁ ግድግዳው በሙሉ ጠመንጃ ነው። አንዱ ሠራተኛ "ባለ ፓምፕ ሾትገን ያዝ፣ ርካሽ ነው፣ አንድ ወፍራም እርሳስ ይተፋል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እዚህ ብዙ ሰው እሱን ይይዛል። ሌላው ባለ መቀርቀሪያ ትልቅ ጠመንጃ አወጣልኝ፣ እንደ ምንሽር ያለ፣ ዝሆን የሚጥል። ያዝሁት፣ ወደድሁት፣ መቀርቀሪያው ግን በቀኝ ነው። እኔ ደግሞ ግራኝ ነኝ። ያስታውሳሉ፣ በልጅነቴ "በግራ የሚተኩስ ሰው ቀለሁ ዓይኑ ውስጥ ይገባል" እያሉ በአለንጋ የመቱኝ። ምቱን አልረሳሁትም፤ ግራኝነቴንም አልተውሁትም።

ሦስተኛው ያቺ ፎቶ ላይ ያዩዋት ናት። ሌቨር ይሏታል። ቀለበቱ መያዣ ነው፤ ጣቶችዎን አስገብተው ወደ ታችና ወደ ፊት ይገፉታል፣ ባዶው ቀለህ ተፈናጥሮ ይወጣል። ሲመልሱት አዲሷ ጥይት ትጎርሳለች። ለግራም ለቀኝም እኩል ነው። ደግሞ ሰደፉ ከትከሻ ሳይወርድ ነው ይኼ ሁሉ የሚሆነው። ጥይቱ የሚቀመጠው እንደ ክላሽ በካርታ አይደለም፤ ከአፈሙዙ ስር አፈሙዙን ተከትሎ የሚሄድ ቱቦ አለ፣ ስድስት ይይዛል፣ አንዷ ጎርሳ ሰባት። በጎኗ ባለች ትንሽ በር አንድ በአንድ እየገፉ ይሞሏታል። ሁለት ከተኮሱ ሁለት መልሰው ይጨምራሉ። አጭር ናት፣ ቁጥቋጦ አትይዛትም፣ 3 ኪሎ ከምናምን ነው ክብደቷ። ብረቷ ዝገት የማይነካው ነው፤ እዚህ ዝናቡ አያባራም። ማርሊን ትባላለች፣ ሞዴሏ 1895። ስሟ ነው እንጂ ዕድሜዋ አይደለም፤ ፋብሪካው በ2020 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ተሸጦ አዲሶቹ ባለቤቶች በ2021 መጨረሻ ላይ እንደገና መሥራት ከጀመሩት ናት። ዋጋዋን አልነግርዎትም፣ አንቺም ገምተሽ ለእማዬ እንዳትነግሪያት።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። ሻጩ ጥይቷን መዳፌ ላይ ሲያስቀምጣት ደነገጥሁ። አውራ ጣት ታክላለች። አፍንጫዋ ደፍጣጣ፣ ቂጧ ከንፈር ያለው። ጋሼ፣ ይህቺን ጥይት አውቃታለሁ! አያቴ ሞሰብ ውስጥ ጠቅልሎ ያስቀምጣት የነበረችውን የውጅግራ ጥይት ናት የምትመስለው። ስጠይቅ እውነትም ዘመዳሞች ናቸው። ይህችን ጥይት የአሜሪካ ጦር በ1873 አወጣት፣ ፈረንሳዮች ውጅግራን በ1874። የኛ አባቶች አድዋ ላይ ብዙዎቹ በዚያው በፈረንሳዩ ጠመንጃ ነው የተዋጉት። ውጅግራ አፉ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ ይቺ 11 ተኩል ግድም። የውጅግራ አረር 25 ግራም፣ የዚህች የድሮው 26። የክላሽን አረር 8 ግራም ብለው ሲያስቡት ልዩነቱ ይገባዎታል። ስሟም አርባ አምስት ሰባ ነው፤ አርባ አምስቱ የአፏ ስፋት በኢንች መቶኛ ሲለካ፣ ሰባው ድሮ በጥቁር ባሩድ ዘመን የሚሞላባት የባሩድ ልክ። በ1886 ብራውኒንግ የሚባለው ጠመንጃ ሠሪ ለዊንቸስተር ፋብሪካ ይህቺን ጥይት የሚችል ጠንካራ ሌቨር ሠራና ከዚያ ወዲህ ይኸው እስከ ዛሬ አለች። ባለ አንድ ጥይቱ ውጅግራ ሙዚየም ገባ፣ እህቱ ግን አላስካ ቁጥቋጦ ውስጥ በኔ ትከሻ ትንከራተታለች።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ ተብዬ ተመክሬያለሁ፣ ለእርስዎም ቢሆን ማወቁ ደስ ይልዎታል። ጥይቶቹ በቱቦው ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው ነው የሚተኙት፤ የኋለኛው አፍንጫ የፊተኛውን ቂጥ ይነካል። አፍንጫው ሹል ከሆነ፣ ጠመንጃው ሲንቀጠቀጥ የፊተኛውን እሳት ሊያስነሳው ይችላል። ደፍጣጣ የሆኑት ለዚህ ነው። አሁን አሁን ጫፏ ለስላሳ ላስቲክ የሆነች ሹል ጥይት ወጥታለች፣ ለሩቅ ትሻላለች። እኔ ለድብ የምይዘው ግን ጠንካራ እርሳስ፣ ደፍጣጣ፣ ከባድ፣ የማይፈርስ ነው። ዓላማው አጥንት ሰብሮ ወደ ውስጥ መግባት ነዋ። ሌላው፣ ጉልበተኛዎቹን ጥይቶች የድሮው የ1873ቱ ጠመንጃ አይችላቸውም፣ ሊፈነዳ ይችላል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ተራውን ጥይት ዛሬም ልል አድርገው የሚሞሉት እነዚያ ሽማግሌ ጠመንጃዎች በሰው ቤት ስላሉ ነው።

ለማለማመድ ራቢት ክሪክ ወደሚባል የመንግሥት የተኩስ ሜዳ ወሰድኋት። ጆሮህን ትሸፍናለህ፣ መነጽር ታደርጋለህ፣ ተራህን ትጠብቃለህ። ኃላፊው በየመሀሉ "ተኩስ አቁም!" ሲል ሁሉም ጠመንጃውን አስቀምጦ ወደ ኋላ ይላል። እኔ ተኩስ አቁም ሲባል የማውቀው ሽማግሌ ገብቶ ሲያስታርቅ ነው፤ እዚህ የዒላማ ወረቀት ሊቀየር ነው።

የመጀመሪያውን ጥይት ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ ተኮስሁ። ስህተት! ሰደፉ ትከሻዬን በቅሎ የረገጠችኝ ያህል መታኝ። ቁጭ ብለህ ወደ ፊት ስትደገፍ ሰውነትህ አይሸሽም፣ ምቱን እንዳለ ትቀበለዋለህ። አጠገቤ የነበረ አንድ ሸበቶ ፈረንጅ ሳቀብኝና "ተነስ፣ ቆመህ ተኩስ" አለ። ቆሜ ግራ እግሬን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ሰደፉን ትከሻዬ ጉድጓድ ውስጥ አጥብቄ ስተኩስ ሰውነቴ ከምቱ ጋር ተወዛወዘና ቀለለኝ። አምስት ተኮስሁ፤ ሃምሳ እርምጃ ላይ አራቱ በአንድ ጭልፋ የሚሸፈኑ ነበሩ። አምስተኛው? አምስተኛው የኔ አይደለም ብዬ ክጃለሁ።

የጠላሁት ግን ሌላ ነው። ተቻኩዬ ሌቨሩን ግማሽ መንገድ ገፍቼ መለስሁት። ባዶው ሳይወጣ አዲሷ መጣችና ሁለቱም ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀሩ። ጋሼ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ሰው ፊት አፈርሁ፤ ድብ ፊት ቢሆን ኖሮ ማፈሪያ ጊዜም አላገኝ። ጥፋቱ የጠመንጃዋ አይደለም፣ የኔ እጅ ነው። ሸበቶው "እስከ መጨረሻው ግፋው፣ ልትገነጥለው እንደሆነ አድርገህ፤ አትለማመጠው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ባሩድ በሌለው የልምምድ ጥይት እለማመዳለሁ። እርስዎ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጠው "ሳንቲሙ ሳይወድቅ ቃታ ሳብ" ይሉኝ ነበር። አሁንም ሳንቲም አስቀምጣለሁ፤ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ አበደ ብሎኛል።

እናንተ ከተራራ ተራራ ላይ እንደምትተኩሱት ግን አይጠብቁባት። መቶ ሜትር ላይ ልክ አድርገህ ብታስተካክላት፣ ሁለት መቶ ሜትር ላይ የድሮው ከባድ አረር ከግማሽ ሜትር በላይ ወርዶ ይመታል። ምንሽር የለመደ ሰው "ይቺማ ወንጭፍ ናት" ይላታል። ይበላት። እኔ ሃምሳ ሜትር ርቆ በሰላም ዓሣውን የሚበላ ድብ ላይ የምተኩስበት ምክንያት የለኝም።

ደግሞ መተኮስ ቀላል አይምሰልዎት። እዚህ ራስህን ለማዳን ድብ ከገደልህ ቆዳውን ከነጥፍሩና ከነራስ ቅሉ ለመንግሥት ታስረክባለህ፣ በ15 ቀን ውስጥ የሆነውን ጽፈህ ታስረዳለህ። ፉከራ የለም፣ ቀረርቶ የለም፣ ግዳይ ጥዬ ብለህ ቅቤ የሚቀባህ የለም። ለዚህ ነው አንዳችን ጠመንጃ፣ አንዳችን ደግሞ የበርበሬ መርጫ የምንይዘው። ዘጠኝ ሜትር ያህል ይረጫል። አዎ፣ በርበሬ! ሚጥሚጣ በሉት። ድብ በሚጥሚጣ ይሸሻል ብል ጋይንት ማን ያምነኛል?

በሰኔ ግን ድቡን ራሱን አየሁት። ከወንዙ ዳር መለኪያውን ተክለን ስንጨርስ ከቁጥቋጦው ወጣ። አፉ ውስጥ ዓሣ አለ፣ ጅራቱ ገና ይወራጫል። ሰላሳ እርምጃ አይሞላም። ጠመንጃዋን አነሳሁ፤ አውራ ጣቴ ጥይቱን የምታስነሳው መዶሻዋ ላይ ሄደ፣ ወደ ኋላ ሳብኋት። ጓደኛዬ ሚጥሚጣውን ዘርግቶ በለስላሳ ድምፅ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ "ሄይ ድብ፣ ሄይ ድብ" ይለዋል። እኔ በማነጣጠሪያዋ ቀዳዳ ውስጥ የማየው ደረቱን ብቻ ነው። የዓሣው ደም አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት፣ ሦስት አልን። ተመለከተን፣ ዓሣውን አስተካክሎ ነከሰ፣ ዞሮ ገባ። ሳልተኩስ መዶሻዋን በቀስታ ለመመለስ ስሞክር አውራ ጣቴ ተንቀጠቀጠብኝና ሁለቱን እጄን ተጠቀምሁ። እማዬ ይህን አትስማ። አንቺ፣ ይህቺን አንቀጽ ዝለያት።

መስከረም ላይ ሙስ የሚባል እንስሳ ለማደን ፈቃድ አውጥቻለሁ። ከአጋዘን ይበልጣል፣ ከግመል አያንስም። ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ ስለዚህ ይበላል ብለው አንድ ቄስ በስልክ ነገሩኝ፤ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ ባርከው አሉ። እርስዎ ቆላ ወርደው ሚዳቋ ሲመቱ ካራ ይዘው እየሮጡ ሲባርኩ ትዝ አለኝ። እኔ ደግሞ በወፍራም ጫማ፣ ረግረግ ውስጥ፣ ያን የሚያህል ተራራ ለመባረክ ስሮጥ ይታይዎት።

ባዶ ቀለህ ልልክልዎት ፈልጌ ነበር፣ ወዳጄ ግን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጣጣ ያመጣብኛል ብሎ እምቢ አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ቀለሁን ወረቀቱ ጀርባ ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ስያለሁ። የአያቴን ውጅግራ ቀለህ ከሞሰቡ አውጥተው ሥዕሉ ላይ ያስተኙት። የሱ 59 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ የኔ 53 ተኩል ነው፤ በግማሽ ጥፍር ይበልጠኛል ማለት ነው። ለክተው በእህቴ በኩል ይጻፉልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

የእርስዎው ግራኝ
ከአንኮሬጅ፣ አላስካ