ሻንጣሽ ኪስ ውስጥ ያገኘሽው ወረቀት

ሚጡዬ፣ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ክረምት ሲገባ ጉልበቴ ማስቸገሩ እንደሆነ የለመድኩት ነው።

እሁድ ስትደውዪ «እማዬ፣ ሻንጣው የውስጥ ኪስ ውስጥ ሽፋን የሌለው የመጽሐፍ ቁራጭ አገኘሁ፤ ልጣለው?» ብለሽ ልቤን ቀጥ አደረግሽው። እንዳትጥዪው! በስልክ የማያልቅ ወሬ ስለሆነ ነው «እጽፍልሻለሁ» ብዬ የዘጋሁት። በዚያው ስልክ ደግሞ «ከዶርም ክላስ፣ ከክላስ ዶርም፤ ማኒላ ከመጣሁ የማወራው ሰው የለኝም» ያልሽኝ እንቅልፍ ነሳኝ። የሁለቱም መልስ አንድ ነው።

ዓረብ አገር፣ ሻርጃ ሳለሁ የምንኖርበትን ክፍል ነግሬሽ አላውቅም። ቤድ ስፔስ ይሉታል፤ የምትከራዪው ቤት ሳይሆን አልጋ ነው። ተደራራቢ አልጋ ላይ ስምንት ሴቶች ነበርን፤ ሦስታችን ሐበሾች፣ አንዷ የስሪላንካ፣ አራቱ ፊሊፒኖች። ከእኔ በታች የምትተኛዋ በዕድሜ ሁላችንንም ትበልጥ ነበር። «አቴ» ይሏታል፤ በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው፣ እንደኛ እትዬ። እኔም አቴ እንዳልኳት ቀረሁ። ቀን ሱቅ ውስጥ ካርቶን ስታራግፍ ትውላለች፤ ማታ በስልኳ መብራት ታነባለች።

የምታነበው ፖኬትቡክ የሚሉትን ነው፤ በታጋሎግ የተጻፈ ስስ የፍቅር ልብወለድ። ከአገር የመጣ ሰው አንድ ይዞ ከተገኘ ወረፋው አይጣል ነው፤ ጎረቤት ክፍል ያሉት ሳይቀሩ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን በወረፋው ጠብ ሲነሳ አቴ ምላጭ አመጣችና መጽሐፉን ጀርባው ላይ ሰንጥቃ ሦስት ቦታ ከፈለችው፤ ሦስት ሰው ባንዴ እንዲያነብ። እኔ መጽሐፍ ሲቆረጥ አይቼ አላውቅም፤ ኃጢአት የሠራች መስሎኝ አማተብኩ። ግን መላው ሠራ። ችግሩ ከመሀል የደረሳት ልጅ «ይሄ ሰውዬ ማነው? መቼ ነው የተጣሉት?» እያለች ሌላዋን እንቅልፍ መንሳቷ ነው። አቴ ራሷ ትንንሾቹን አስቀድማ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር የምታነበው።

ሐሙስ ማታ፣ በማግስቱ ሥራ ስለሌለ፣ ያነበበችውን በተሰባበረ እንግሊዝኛና በአረብኛ እየደረተች ትተርክልኛለች። እኔም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ልብወለድ ሲተርክ ሰፈሩ እንዴት ጸጥ ይል እንደነበር አጫውታታለሁ። አንድ ሐሙስ ግን ፖኬትቡኩን ትታ ተማሪ ሳለች ያነበበችውን የአገሯን ደራሲ የሆሴ ሪዛልን ልብወለድ «ኖሊ ሜ ታንጌሬ» መተረክ ጀመረች። የሪዛል ሥራዎች በየትምህርት ቤቱ እንዲሰጡ አገራቸው በ1956 ሕግ አውጥታለች (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። መጽሐፉ ውስጥ ሲሳ የምትባል እናት አለች። ሁለት ወንዶች ልጆቿ ቤተክርስቲያን ደወል ይደውላሉ፤ በሌብነት ይወነጀላሉ፤ ትንሹ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። እናትየው ስማቸውን እየጠራች ስትዞር ታብዳለች። «ክሪስፒን! ባሲሊዮ!» ብላ ስትጣራ አቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር። ከስምንታችን ስድስታችን ልጅ ጥለን የመጣን ነን። ማንም ትንፍሽ አላለም፤ አንዷ ተነስታ መብራቱን አጠፋችው። አንቺ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርሽ።

ሪዛል ይህን መጽሐፍ በ1887 በርሊን ሲያሳትም እጁ ላይ ገንዘብ አልነበረም፤ 2,000 ቅጂ የታተመው ጓደኛው አበድሮት ነው። በ1896 ስፔኖች ረሸኑት። የተረሸነበት ሜዳ ማታ ማታ በእግርሽ እየተዘዋወርሽ ፎቶ የምትልኪልኝ ያ ሪዛል ፓርክ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ሻርጃ ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ ትልቅ የመጻሕፍት ትርዒት አላት፤ ኖቬምበር ላይ፣ መግቢያው በነፃ። አቴ በየዓመቱ «ነይ እንሂድ» ትለኛለች። «የክሊኒክ ጽዳት እዚያ ምን አላት?» እላታለሁ። አምስት ዓመት እንዲሁ አልኩ። በስድስተኛው እጄን ይዛ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ማንም ምን ትሠሪያለሽ አላለኝም። አቴ ከማታውቃቸው የአገሯ ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ስለ አንድ መጽሐፍ ስትከራከር፣ ስትስቅ አየኋት፤ ያን ሳቅ ክፍላችን ውስጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔም ከአንዲት ጎንደሬ ሞግዚት ጋር እዚያው ተዋውቄ እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር እንደዋወላለን። አምስቱ ዓመት ግን ያንገበግበኛል።

አንቺ ያለሽው መጽሐፍ የሚወድ ሰው በየወሩ የሚሰባሰብበት ከተማ ነው፤ ዶርም ምን ታደርጊያለሽ? አቴ አሁን አገሯ፣ ናጋ ከተማ ገብታ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። የት የት እንደሚሰባሰቡ ሰሞኑን በድምፅ መልእክት ስትነግረኝ በደብተር ያዝኩት።

ዋናው የማኒላ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ትርዒት ነው፤ ከ1980 ጀምሮ ያለ፣ ሞል ኦፍ ኤዥያ ከሚሉት የገበያ ማዕከል ጎን ባለው በኤስኤምኤክስ አዳራሽ፣ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ። ልብ ብለሻል? የእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። እንግዲህ አደይ አበባ የለ፣ ችቦ የለ፤ ቢያንስ ሰው መሀል ዋዪ። ከፔድሮ ጊል ጣቢያ ኤልአርቲ የሚሉትን ባቡር ተሳፍረሽ ኤድሳ ላይ ወርደሽ ወደ ገበያ ማዕከሉ የሚሄደውን ጂፕኒ፣ የእነሱን ታክሲ፣ ትይዣለሽ። ቅዳሜና እሁድ ሰዉ እንደ ጥምቀት ነው አለች፤ ደራሲዎች የሚፈርሙትም በብዛት ያን ጊዜ ነው። ለማስፈረም ወረፋ ሲያዝ አንቺም ግቢ፣ መጽሐፉን ባታውቂውም። ፊሊፒኖ ወረፋ ላይ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ከኋላሽ ያለችው ምን እንደምታነቢ ሳትጠይቅሽ አትቀርም፤ ከፊትሽ ያለው ብስኩት ያቀብልሻል። በ2011 አንባቢዎች ራሳቸው የአንባቢዎች ጉባኤ ያሉትን የጀመሩት እዚሁ ትርዒት ላይ ነው፤ ደራሲ ሳይሆኑ፣ አሳታሚ ሳይሆኑ፣ እንዲሁ ማንበብ የሚወዱ ሰዎች።

እኔ ግን ካነሳሽልኝ ሌላኛውን አስበልጣለሁ፦ የፊሊፒንስ የመጻሕፍት ፌስቲቫል። የመንግሥቱ የመጻሕፍት ልማት ቦርድ በ2023 የጀመረው ነው፤ የሚሸጠው የአገር ልጅ የጻፈው፣ የአገር አሳታሚ ያወጣው ብቻ ነው። የውጭው እንደሆነ አዲስ አበባም ታገኚዋለሽ። ቀኑ ግን እንደ ድሃ ሰርግ ይቀያየራል፦ መጀመሪያ ጁን ላይ፣ በ2024 ኤፕሪል ላይ፣ በ2025 ማርች ላይ። ቦታውም ከፓሳይ ወደ ማንዳሉዮንግ ሜጋሞል ዞሮ ነበር። ከጥር ጀምረሽ ጠያይቂ። ኤፕሪል ራሱ የሥነ ጽሑፍ ወራቸው ነው፤ ባለቅኔው ባላግታስ የተወለደው ኤፕሪል 2 ቀን 1788 ነውና።

በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ለሚወዱ ኮሚኮን የሚባል ትርዒት ከ2005 ጀምሮ አለ። ፎቶኮፒ አድርገው፣ በስቴፕለር መትተው የሚሸጡ ወጣቶች ደግሞ ቢኤልቲኤክስ የሚሉት ገበያ አላቸው፤ የስሙ ፍቺ «የተሻለ ኑሮ በፎቶኮፒ» እንደማለት ነው አለችኝ። ሳቄ መጣ። ፒያሳ የነበረውን የፎቶኮፒ ቤታችንን አስታወሰኝ።

ፌስቲቫል እስኪደርስ መቀመጥ የለብሽም። ኤርሚታ ውስጥ ፓድሬ ፋውራ መንገድ ላይ፣ ዶርምሽ አጠገብ፣ ሶሊዳሪዳድ የሚባል መጻሕፍት ቤት አለ፤ ደራሲው ሲዮኒል ሆሴ በ1965 የከፈተው። ሽማግሌው በ2022 አረፉ። ማካቲ፣ ባላግታስ በተባለው ጎዳና ላይ ደግሞ ማንግ ናኒ ቤታቸውን ቤተ መጻሕፍት አድርገዋል። ማንግ ማለት ጋሼ ነው። በ2000 ወላጆቻቸውን ለማስታወስ ከ100 የማይሞሉ መጻሕፍት አውጥተው በራቸው ላይ ደረደሩ። መዝገብ የለ፣ መታወቂያ የለ፣ የመመለሻ ቀን የለ፤ የፈለገ ይወስዳል፣ የፈለገ ያመጣል። መደርደሪያው ጎደለ? ጭራሽ ሞልቶ አስፋልቱ ድረስ ፈሰሰ እንጂ! ለእኛ ሰፈር ስንት ጊዜ ተመኘሁት መሰለሽ፤ እርግጥ እኛ ጋ መደርደሪያው ራሱ በማግስቱ ይገኝ እንደሆነ እንጃ።

ወሬ መጀመር ካፈርሽ ፊደል አንሺባቸው። ባይባዪን የሚባል የጥንት ፊደል አላቸው፤ ዛሬ በላቲን ነው የሚጽፉት፣ እሱን ቲሸርት ላይ ነው የምታዪው። እያንዳንዱ ፊደል እንደኛ ግዕዝ አናባቢውን ይዞ ይወለዳል፣ «ባ» ብሎ። ከላይ ነጥብ ስታደርጊበት «ቢ» ይሆናል፣ ከታች ስታደርጊ «ቡ»። እኔ በ, ቡ, ቢ ስጽፍላት አቴ አልጋዋ ላይ ተነስታ ቁጭ አለች። በ1593 ማኒላ በታተመው የክርስትና ትምህርት መጽሐፍ ላይ ያ ፊደል አለ፤ እሱን ንገሪያቸው፣ የራሳቸውን ታሪክ ከሐበሻ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ወደ ቁራጩ ልመለስ። እጅሽ ላይ ያለው የአንዱ ፖኬትቡክ ሦስተኛ ክፍል ነው። አቴ አንደኛውንና ሁለተኛውን አንብባ ተርካልኛለች፤ ሦስተኛው ተራዋ ሳይደርስ ኮንትራቷ አልቆ በሦስት ቀን ውስጥ አገር ገባች። በኋላ ሦስተኛውን ይዛ የነበረችው ልጅ «ላኪላት» ብላ ሰጠችኝ። ዛሬ ነገ ስል አልላክሁም፤ ሽፋኑም ርዕሱም ከአንደኛው ክፍል ጋር ስለሄደ፣ እኔም ታጋሎግ ስለማላነብ፣ ታሪኩ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ስትሄጂ ሳልነግርሽ ኪሱ ውስጥ ከተትኩት፤ አንቺን ማስጨነቅ አልፈለግሁም።

አቴ በሴፕቴምበሩ ትርዒት ቅዳሜ ጠዋት በሌሊት አውቶቡስ ትመጣለች፤ ፎቶሽን ልኬላታለሁ። ዋናው በር ላይ ቢጫ ጃንጥላ ይዛ ትጠብቅሻለች። ስትናገሪያት በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ፖ» በዪ፤ ያለሱ አንቺ ብለሽ እንደጠራሻት ነው። ይዘሽው ከሄድሽው ቡና ግማሹን ስጪያት፤ ጥሬውን እንጂ የተፈጨውን አይደለም፣ ራሷ መቁላት ተምራለች። ቁራጩንም ስጪያትና እዚያው ቁጭ ብላ ታንብበው። የታሪኩ ልጅ ሰውዬውን ይቅር አለችው ወይስ ትታው ሄደች? ያንኑ ማታ ደውለሽ ንገሪኝ፤ ስልኬን አልዘጋም።

የምትወድሽ እናትሽ