ያረጁት እቴጌ ምንትዋብ፦ የታሪክና ድራማ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን ልማድ የታወቀ ነው። አንድ ተማሪ የታሪክ ሰው ሆኖ መድረክ ላይ ይቀመጣል፤ ሌሎች ይጠይቁታል፤ እሱም በዚያ ሰው አንደበት ይመልሳል። በቃል የሚጠና ጽሑፍ የለም። ዘንድሮ የመረጥነው እቴጌ ምንትዋብን ነው፤ ዘውድ የጫኑትን ወጣት ሳይሆን፣ በስልሳዎቹ ዕድሜያቸው ጎንደር አጠገብ ባለው ቤተ መንግሥታቸው በቁስቋም የተቀመጡትን አሮጊት። ዓመቱ በዚህ አንድ ሥራ አለቀ፤ አልቆጭበትም።

አባላቱ መጀመሪያ አልተስማሙም ነበር። ስማቸው ራሱ የውበት አድናቆት ነው፤ «ምን ትዋብ!» የተባሉትን ሴት አስረጅቶ ማቅረብ ነውር መሰላቸው። ሆኖም ተሞከረ። በኅዳር ወር አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ፀጉሯ ላይ ጥጥ ለጥፋ፣ ምርኩዝ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ድምጿን እያንቀጠቀጠች ወጣች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አዘንኩ። ያየነው እርጅናን እንጂ እቴጌዪቱን አልነበረም፤ እርጅናውም ቢሆን የእውነት አልነበረም።

ልምምዱን ለሁለት ሳምንት አቋርጬ ሁሉም በየቤታቸው ከአያታቸው ወይም ከአንዲት አዛውንት ጎረቤት ጋር ቡና ላይ እንዲቀመጡ አዘዝኩ። ወገባቸውን ሳይሆን ወሬያቸውን እንዲያዩ፣ ወዴት ወዴት እንደሚመለስ ልብ እንዲሉ ነገርኳቸው። አንዱ «አያቴ እኔን ስትጠራ መጀመሪያ የሚመጣላት የሞተው አጎቴ ስም ነው» ብሎ መጣ። ሌላዋ ደግሞ አያቷ የከበደ ጥያቄ ሲመጣባቸው ነጠላቸውን እንደሚያስተካክሉ ነገረችን። ጥጡና ምርኩዙ ከዚያ ቀን በኋላ አልታዩም።

ከዚያ በኋላ ዘመኑን ሰሌዳ ላይ ጻፍነው። በ1723 ዓ.ም. ባላቸው አፄ ባካፋ ሞቱ፤ ገና ሕፃን ከነበሩት ልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር እቴጌዪቱም ዘውድ ጫኑ። በ1747 ዓ.ም. ልጃቸውን ቀበሩ። በ1761 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው አፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ታንቀው ተገደሉ። ራስ ሚካኤል ደግሞ የእቴጌዪቱ የገዛ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ባል ነበሩ። ይህን የመጨረሻውን መስመር ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ አለ። መድረካችንን 1763 ዓ.ም. ላይ አቆምነው፤ ተዋናይዋ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ምንም እንዳታውቅ ተስማማን።

ጥር ላይ በጀልባ ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው ደቅ ደሴት ሄድን። ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴቶች ስለማይፈቀድ ሴት ተማሪዎቻችን ከሐይቁ ላይ ሆነው ብቻ አዩት። እቴጌዪቱ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ግን ተቀበለን። ግድግዳው ላይ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉት ምንትዋብ ወጣት ናቸው፤ ልብሳቸውም የንግሥት ልብስ ነው። ተዋናይዋ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆማ፣ «መምህር፣ እኔ የምሆነው እኚህን ሴት የሚያስታውሱትን እቴጌ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ልነግራት ፈልጌ ቃል ያጣሁለት ነገር ይህ ነበር።

አንድ ደንብ ግን አስቸገረን። ታሪክ ዝም ያለበትን ጥያቄ ምን ትመልስ? ፈጥራ እንድትናገር አልፈቀድኩም። መፍትሔው ከራሷ መጣ፤ «እሱን ልጄ፣ ለንስሐ አባቴ ነግሬዋለሁ» ትላለች።

በግንቦት የወላጆች ቀን ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አንድ ልጅ ስለ ጄምስ ብሩስ ጠየቃት። ስኮትላንዳዊው የዓባይን ምንጭ ሊያይ በመጣ ጊዜ እቴጌዪቱ ምን እንዳሉት እሱው ጽፎት ስለነበር መልሱን ከዚያ ወሰደችው፦ እሱ ከኢየሩሳሌም ተነሥቶ አንዲት ጠብታ እንኳ ይዞ የማይመለስበትን ወንዝና ረግረግ ለማየት ሲደክም፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዙፋን የተቀመጡት እሳቸው ግን የሚመኙት ኢየሩሳሌም ደርሰው መለመንን ብቻ ነው። ዓባይ ከጣና ሲወጣ በየቀኑ የሚያይ የባሕር ዳር ሕዝብ ይህን ሲሰማ እንዴት እንዳዳመጠ መጻፍ ይከብደኛል።

ቀጥሎ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ተነሣ፤ «እቴጌ፣ ልጅዎ ወይዘሮ አስቴር ሊጠይቁዎ ሲመጡ ያስገቧቸዋል?» አለ። ነጠላዋን አስተካከለች። ስለ ንስሐ አባትም አላነሣችም። ዝምታው ረዘመ፤ ኅዳር ላይ የሳቀው አዳራሽ ትንፋሹን ዋጠ። በመጨረሻ ቀስ ብላ «ቀጥሉ ልጆቼ፣ ሌላ ጠይቁ» አለች።

ለመጪው ዓመት አባላቱ አፄ ሱስንዮስን መርጠዋል፤ በ1624 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ሃይማኖትን መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ የለቀቁትን ሽማግሌ። ምዝገባው በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባለው ክፍል ይካሄዳል።