እሁድ ስለ ጉዋም መሬት እናወራለን
ሰላም አባላት፣ ለእሁድ የመረጥነው ርዕስ ጉዋም፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያለችው የአሜሪካ ግዛት፣ ነው። ደሴቷ 550 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ከሩብ በላይ የሚሆነው ግን በአሜሪካ ጦር እጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1944 በኋላ ብዙ የቻሞሮ (የደሴቷ ነባር ሕዝብ) ቤተሰቦች መሬታቸው ተወስዶባቸዋል፤ ካሳው ለስሙ ያህል ነበር።

እኔን የሚያበሽቀኝ በደሴቷ ሰሜናዊ ጫፍ ያለው ሪቲዲያን ነው። ጦሩ አያስፈልገኝም ያለው መሬት እ.ኤ.አ. በ1993 ለቀድሞ ባለቤቶቹ ይመለሳል ሲባል የዱር እንስሳት መጠለያ ሆኖ ቀረ፣ አሁን ደግሞ ከጃፓኗ ኦኪናዋ ለሚዛወሩት የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኞች አጠገቡ የተኩስ መለማመጃ ተሠርቶ ጥይት ሊደርስበት የሚችለው የአደጋ ክልል መጠለያው ላይ አረፈ። ጦሩ እዚያ የሚያስፈልገው «ቻይና ቅርብ ናት» ተብሎ ነው የሚለው ክርክር ይገባኛል። ግን ሁልጊዜ ከፋዩ ለምን ያው ባለመሬት ይሆናል? ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ቡናው በእኔ ነው።