እማዬ፣ በስልክ ያልነገርኩሽ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክማ ሞከርኩ። «ደህና ነኝ፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑ፣ ብርሽ አይለቅ» ትይና ትዘጊብኛለሽ። ይሄ አይዘጋም። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው። ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርጌ ነው የጻፍኩት። አደራሽን፣ የጎረቤት ልጅ ጠርተሽ እንዳታስነብቢ። አባባ «እናታችሁ እኮ መሠረተ ትምህርትን በአንደኝነት የጨረሰች ናት» እያለ ሲያሾፍብሽ አልረሳሁም።

ባቢ የፊት ጥርሱ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብሎ አለቀሰ። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነን የማንን ጣሪያ እናምጣለት? ሚሚ አምስተኛ ክፍል ገባች። እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች፣ ሽሮ ስትሠራ ግን ታጓጉለዋለች። አባታቸው የማታ ፈረቃ ስለገባ ቀን ቀን ይተኛል፣ እኛ በጣት ጫፍ ነው የምንሄደው። የሊፍቱ ነገር እንደሆነ አሁንም እንደቆመ ነው።

ይኸው፣ እንደ አንቺው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመርኩ።

የመስቀልን ነገር ነው የምጽፍልሽ። ዕድሜዬን ሙሉ መስቀል ሲደርስ አንቺን የሚችልሽ አልነበረም። ቅቤው ከሳምንት በፊት ይነጠራል፣ ጣባው ይታጠባል፣ ቢላዋው ይሳላል። ዘንድሮ ስንመጣ ጣባዎቹ አቧራ ለብሰው አገኘናቸው። ቆጮውን እንኳን የጋገረችው ጎረቤት ናት። አንቺ ከአባባ ወንበር አጠገብ ቁጭ ብለሽ ደጁን ታያለሽ። የጋብቻ ቀለበትሽን እንዳይወልቅ በክር ጠምጥመሽዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነሳ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ነበር። ምነው ስልሽ «ራሴን ይወቅረኛል፣ ልቤን ያርደኛል፣ ሐሳብ ነው» አልሽኝ።

እሱን ብቻ ብትይ ኖሮ ባልጻፍኩ። በነጋታው የባቢን ፊት እያጠብሽ «ምነው እኔንም በወሰደኝ» አልሽ። የማይሰማ መስሎሽ ነው። «እማማን ማን ነው የሚወስዳት?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። አሮጊት ሁሉ የሚለው ነው ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ ሌላው ይለዋል። አንቺ ግን ብለሽ አታውቂም፣ በአባባ ቀብር ቀን እንኳን አላልሽም።

ከተመለስኩ ወዲህ ስጠይቅ ሰነበትኩ። መጀመሪያ እዚህ አዲስ አበባ ላመጣሽ አስቤ አንድ የግል ክሊኒክ ደወልኩ። አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ለመነጋገር 1500 ብር። በሳምንት አንዴ ቢሉሽስ? የቤቱን ዕዳ በምን ልከፍል ነው? በኋላ አንዲት የማውቃት ነርስ ሳቀችብኝ። «እናትሽ ቡታጅራ ተቀምጣ አዲስ አበባ ምን ያንከራትታታል?» አለችኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካለ ቆይቷል አለች። ሶዶ ወረዳም ቢሆን የጤና ጣቢያ ነርሶች ሳይቀሩ ሠልጥነው እንዲህ ያለውን ሕመም ያክሙ ነበር አለችኝ። እንዲያውም በዚህ ሙያ ያሉ የውጭ አገር ሐኪሞች ቡታጅራን በስም ያውቋታል። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ስለጠየቁባት ነው። ታመው የተገኙትንም በነፃ ያክሟቸው ነበር።

ይህን ስትነግረኝ ዝም አልኩ። እኔና አንቺ እነዚያን ቤት ለቤት የዞሩትን ሰዎች እናውቃቸዋለን።

ሁለት ነበሩ። ወረቀት የታቀፈ ልጅና ጥቁር ጃንጥላ የያዘች ልጅ። አሥር ዓመቴ ነበር፣ ወንበር ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ቡና አፈላሽላቸው። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው አለ፣ ዕድሜያቸው ስንት ነው ብለው ጠየቁ። ከዚያ ብቻውን የሚያወራ፣ ከሰው የሚሸሽ አለ ወይ አሉ። ወንድሜ ጋሼ ጓዳ ነበር፣ ቁልፉ መቀነትሽ ላይ። «በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም» አልሽ። እጅሽ ትከሻዬ ላይ ነበር፣ አጥብቀሽ ይዘሽኛል። ጋሼ ቀን ከሌት ሲያወራ የሚውል ልጅ የዚያን ጊዜ ትንፍሽ አላለም። ሰምቶሽ ነው እላለሁ።

ለጎረቤቱ ጅማ ሥራ ይዟል አልን። ከዚያ ፀበሉ፣ ከዚያ ያ ክረምት። ቀሪውን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

አልፈረድኩብሽም ልል ነበር፣ ውሸት ነው። ስፈርድብሽ ነው የኖርኩት። ትዳር ስይዝ፣ ስወልድ፣ አንቺ አራስ ቤት ገንፎ ስታጎርሺኝም በልቤ እፈርድብሽ ነበር። ሚሚ ከፍ ስትል ግን ሌላም ነገር ገባኝ። «ዘራቸው ነው» እንዳይባል፣ እኔን የሚያገባ እንዳላጣ ብለሽ ነው። ለእኔ ብለሽ ነው እሱን የደበቅሽው። ይሄኛው ደግሞ ከፍርዱ ይብስብኛል። ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ፀበሉን ተዪ እያልኩሽ አይደለም፣ እንዳትቆጪኝ። አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኤችአይቪ ያለባቸውን ሰዎች መድኃኒቱንም ፀበሉንም አንድ ላይ ውሰዱ፣ ሁለቱ አይጣሉም ብለው አስተምረዋል። አንቺ ራስሽ የግፊት ኪኒንሽን በፀበል ነው የምትውጪው። አይቼሻለሁ።

አሁን በስልክ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አማኑኤል እየተመላለስኩ ነው። አዎ፣ አማኑኤል። ልጅ ሆነን ስንሰዳደብ «አማኑኤል ይውሰዱህ» የምንባባልበት ቤት። የአባባ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ እወጣ ነበር። ልጆቹ ላይ እጮሃለሁ። አንድ ቀን ማለዳ ፊቴን በነጠላ ተሸፍኜ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቴ ያለችውም ሴትዮ እንደኔው ተሸፋፍናለች። ዞር ስትል የሚሚ አስተማሪ! ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ነጠላችንን አወረድን። ምን እናድርግ?

ማንም አላሰረኝ፣ ማንም አልጮኸብኝ። ሐኪሙ ስለ አባባ ጠየቀኝ፣ ስለ ጋሼም ጠየቀኝ። ነገርኩት። እንደዚህ አፍ አውጥቼ ስለ ጋሼ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ፍሉኦክሴቲን የሚባል ኪኒን አዘዘልኝ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ። ቶሎ አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል ብሎኝ ነበር። እውነትም መጀመሪያ ማቅለሽለሽ እንጂ ሌላ ነገር አላየሁበትም። ወር ሊሞላው ሲል ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳንጎራጉር ባሌ ሰምቶ ከእንቅልፉ ተነሳ። በወር አንዴ ደግሞ ከሳይኮሎጂስቷ ጋር አወራለሁ። የመንግሥት ስለሆነ ካርዱም መድኃኒቱም ተደምሮ የዚያን የግል ክሊኒክ አንድ ቀጠሮ አይሞላም። ለሰው አልተናገርኩም። አየሽ፣ እኔም ያው ያንቺ ልጅ ነኝ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የጤና መድን መታወቂያሽ አባባ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ከእድሩ ደረሰኝ ሥር። ዘንድሮ መታደሱን ቀበሌ አስጠይቂ፣ ካልታደሰ ብሩን እልካለሁ። በቀጥታ ሆስፒታል እንዳትሄጂ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው፣ እነሱ ሪፈር ይጽፉልሻል። ያለዚያ ከኪስሽ መክፈል ይመጣል። የግፊት ኪኒንሽን ከነማሸጊያው ያዢ፣ አንዱ መድኃኒት ከሌላው ጋር ላይስማማ ይችላል። ያቺ ጎረቤትሽ የሰጠችሽን የእንቅልፍ ኪኒንም አሳዪያቸው። እሱን በራስሽ አትውሰጂ፣ እባክሽ፣ በሌሊት ወደ ውጭ ስትወጪ ብትወድቂስ? ደረጃው ደግሞ ያው እንደተሰበረ ነው። የሚያዝልሽ መድኃኒት እዚያ አልቋል ከተባለ አትጨነቂ፣ ደውዪልኝ፣ ከዚህ ፈልጌ በሹፌር እልካለሁ። የሚሻልሽ ሲመስልሽም በራስሽ እንዳታቋርጪ። የግፊቱን ስንቴ አቋረጥሽ!

«በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል» እንደምትይ አውቃለሁ። ምን እንደሚል እንጃ። ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ የምታገኚያቸው ሰዎች እንደሆኑ ራሳቸው ታመው የመጡ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ስለምነሳ ቁርስ ብለሽ እንዳትደክሚ። ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን፣ ሆስፒታልም እንደዚያው። ካርድ የምታወጣው ልጅ «የታመመው ማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ፣ ግን አልመልስልሽም። አንቺ ንገሪያት።

ባቢንም ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ አመጣዋለሁ። ጥርሱን በብልቃጥ አስቀምጦታል። እማማ ቤት ጣሪያ ላይ ነው የምወረውረው ብሏል።

ልጅሽ